ስለ እስራኤልና ፍልስጤም ለምትከራከሩ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

በቴሌግራም ቡድን፣ በቲክቶክ ቀጥታ ስርጭት፣ በዶርምና በቢሮ ስለ እስራኤልና ፍልስጤም ስትከራከሩ እሰማለሁ። ክርክሩ ገና ሳይሞቅ «አንተ ከማን ወገን ነህ?» የሚለው ጥያቄ ይመጣል፤ ከዚያ ወዲያ ማንም ከማንም የሚማረው ነገር አይኖርም። ወገን መያዛችሁን አልቃወምም። የሰው ሬሳ ሲታይ ልብ ወደ አንድ ወገን ማዘንበሉ ያለ ነው። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፦ የሚስማማችሁን ወሬ የምትመረምሩበት ጥንቃቄ፣ የማይስማማችሁን ከምትመረምሩበት አይነስ። ሥራዬ የውጭ ዜና በአማርኛ ማዘጋጀት ስለሆነ ጥንቃቄው የት የት ላይ እንደሚላላ አውቃለሁ።

ከቀን ልጀምር፤ ትንሽ ነገር ይመስላል እንጂ አይደለም። የሃማስ ጥቃት የተፈጸመው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 7፣ 2023 ነው፤ በእኛ መስከረም 26፣ 2016 ዓ.ም.። ብዙ የአማርኛ ጽሑፍ ግን «የጥቅምት 7ቱ ጥቃት» ብሎ ያልፋል። በጋዛ ከተማ በአል አህሊ ሆስፒታል ግቢ ፍንዳታ የደረሰው ደግሞ ኦክቶበር 17 ማታ ነው፤ በእኛ ጥቅምት 6። እንግዲህ አንዱን በፈረንጅ፣ ሌላውን በእኛ የጻፈ ሰው ፍንዳታው ከጥቃቱ በአንድ ቀን የቀደመ አድርጎታል። አንባቢውም ምን ምንን እንዳስከተለ ገልብጦ ይይዛል። ቀን ስትጽፉ እ.ኤ.አ. ወይም ዓ.ም. ማለትን አትርሱ። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ታሪኩን ከየት እንደምትጀምሩ ደግሞ ከቀኑም ይበልጣል። ከ2023 የጀመረ ሰው እስራኤልን የተጠቃች ብቻ አድርጎ ያያታል፤ ከ1948 የጀመረ ፍልስጤማውያንን የተፈናቀሉ ብቻ፤ ከንጉሥ ዳዊት የጀመረ ደግሞ በመካከሉ ያለፈውን ሁሉ ይዘላል። አንድ ሉክ ወረቀት ውሰዱና መሃሉን ወደ ታች አስምሩ፤ በቀኝ እስራኤላውያን፣ በግራ ፍልስጤማውያን እያንዳንዱን ዋና ዓመት እንዴት እንደሚያስታውሱት ጻፉ። በ1947 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ፍልስጤምን ለአይሁድና ለአረብ መንግሥት የሚከፍለውን ዕቅድ በ33 ድጋፍ፣ በ13 ተቃውሞና በ10 ድምፀ ተአቅቦ አጸደቀ፤ ኢትዮጵያ ድምፀ ተአቅቦ ካደረጉት አንዷ ነበረች። የአይሁድ አመራር ዕቅዱን ተቀበለ፤ ከሆሎኮስት የተረፉት ሰዎቹ የሚጠጉበት አገር ይፈልጉ ነበር። አረቦቹ አልተቀበሉም፤ ከሕዝቡ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ እነሱ ሆነው ሳለ ከመሬቱ 56 በመቶ ገደማው ለአይሁድ መንግሥት ተመድቦ ነበርና። 1948 ለአንዱ የነፃነት ዓመት ነው፤ ለሌላው 700,000 ያህል ሰው ከቤቱ የወጣበት ናክባ (በዓረብኛ «ታላቁ ጥፋት»)። በተከታዮቹ ዓመታት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ አይሁዶች ከኢራቅ፣ ከየመን፣ ከግብፅና ከሞሮኮ ወጥተዋል። በ1967 እስራኤል ዌስት ባንክን፣ ምሥራቅ ኢየሩሳሌምንና ጋዛን ያዘች፤ በያዘችው መሬት ላይ የአይሁድ ሰፈራም ተከተለ። አንዱ ረድፍ ባዶ ከሆነባችሁ ንባባችሁ ገና አላለቀም።

በዚህ ወረቀት ላይ ከ1993 እስከ 1996 ያለውን ጊዜ ሰፋ አድርጋችሁ ጻፉት። በእስራኤልና በፍልስጤም ነፃ አውጪ ድርጅት መካከል የተደረገው የኦስሎ የሰላም ስምምነት በሴፕቴምበር 1993 ተፈረመ። በፌብሩዋሪ 1994 አንድ አይሁዳዊ ሰፋሪ በኬብሮን መስጊድ ሶላት ላይ የነበሩ 29 ሰዎችን ገደለ። ሃማስ ራሳቸውን በሚያጠፉ ሰዎች አውቶቡሶችን ማፈንዳት ያዘ። በኖቬምበር 1995 ጠቅላይ ሚኒስትር ይስሐቅ ራቢንን አንድ አይሁዳዊ አክራሪ በጥይት ገደላቸው። ስምምነቱን የሚጠሉት ሰዎች አንዱ የሌላውን ሥራ ሲያቀልለት ታያላችሁ። «እነዚያ ሰላም ፈልገው አያውቁም» የሚለው ንግግር ይህን ዘመን ካጠና ሰው አፍ በቀላሉ አይወጣም።

ወደ ቁጥር ልለፍ። የሟቾችን ቁጥር ስታነቡ ማን ቆጠረ፣ እስከ መቼ ቆጠረ፣ እነማንን ቆጠረ ብላችሁ ጠይቁ። የጋዛ ጤና ሚኒስቴር በሃማስ አስተዳደር ሥር ነው፤ የሚያወጣውም ቁጥር ተዋጊን ከሰላማዊ ሰው አይለይም። ይህን ይዞ «ስለዚህ ውሸት ነው» ማለት ግን ስህተት ነው፤ በቀደሙት ጦርነቶች የተባበሩት መንግሥታት አጣርቶ ያገኘው ቁጥር ከሚኒስቴሩ ጋር ተቀራራቢ ነበር። በኦክቶበር 2025 ተኩስ ሲቆም ቁጥሩ ከ67,000 አልፎ ነበር፤ በፍርስራሽ ሥር የቀሩ ብዙዎች በዚያ ውስጥ የሉም። እስራኤልም መጀመሪያ 1,400 ያለቻቸውን ሟቾቿን በኖቬምበር 2023 ወደ 1,200 ገደማ ዝቅ አድርጋለች፤ ከተቃጠሉት አስከሬኖች አንዳንዶቹ የአጥቂዎቹ ሆነው ስለተገኙ። የታገቱት 251 ናቸው። የተስተካከለ ቁጥር ስታዩ «ያዝናቸው!» አትበሉ። ማስተካከል ቆጠራው በቁም ነገር እየተሠራ መሆኑን ያሳያል።

ሰበር ዜና ላይ ከባዱ ጥፋት የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው። አል አህሊን ውሰዱ። በዚያች ማታ «የእስራኤል የአየር ጥቃት 500 ሰው ገደለ» የሚለው ወሬ ዓለምን አዳረሰ፤ በብዙ ከተሞች ሕዝብ አደባባይ ወጣ። እስራኤል የእስላማዊ ጂሃድ (ሌላው የጋዛ ታጣቂ ቡድን) ሮኬት ከሽፎ ነው አለች፤ ድርጅቱ ካደ። ሚኒስቴሩ ኋላ 471 ሲል የአሜሪካ መረጃ ተቋማት ከ100 እስከ 300 ገመቱ፤ የአሜሪካና የፈረንሳይ ግምገማም ወደ ከሸፈ ሮኬት አጋደለ። በዚያው ወር በሌላው ወገን «40 ሕፃናት አንገታቸው ተቀላ» የሚል ወሬ ተነዛ፤ ፕሬዚዳንት ባይደን ፎቶውን እንዳዩ አድርገው ከተናገሩ በኋላ ዋይት ሐውስ አለማየታቸውን ማስረዳት ነበረበት። ወሬው አልተረጋገጠም። በዚያ ቀን ሕፃናት መገደላቸው ግን እውነት ነው። እንዲሁም አል አህሊ ላይ የተነሳው ጥርጣሬ እስራኤልን ከሌላው ሁሉ ነፃ አያወጣትም፤ በኦገስት 2025 ናስር ሆስፒታልን የመታው የራሱ ጦር መሆኑን የእስራኤል መንግሥት አምኗል። አንድ ወሬ ሐሰት ሆኖ ሲገኝ የሚወድቀው ያ ወሬ ብቻ ነው።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ዜና ሲደርሳችሁ ቢያንስ አንድ ቀን አቆዩት። ቪዲዮ ከሆነ ከመጀመሪያው፣ ከመሃሉና ከመጨረሻው ስክሪንሾት አንሱና በጉግል ሌንስ ወይም በቲንአይ ፈልጉት፤ ውጤቱን ከቆየው ቀን ጀምራችሁ እዩ። ከሶሪያ ጦርነት የተወሰዱ ምስሎችና «አርማ 3» ከሚባለው የቪዲዮ ጌም የተቆረጡ ክፍሎች የጋዛ ተብለው ተሠራጭተዋል። የጌሙ ቅጂ ብዙ ጊዜ ሌሊት ነው፣ ደብዝዟል፣ ካሜራው ይንቀጠቀጣል፣ ሰው በቅርብ አይታይም። የአማርኛ ድምፅ የተጫነበት ቪዲዮ ካጋጠማችሁ ዋናውን ፈልጋችሁ ዓረብኛ ወይም ዕብራይስጥ ለሚያውቅ ሰው አሰሙት።

ፍርድ ቤቶቹን አታምታቱ። ሁለቱም ሄግ ናቸው፤ ሥራቸው ግን ይለያያል። ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት አገሮችን ይዳኛል። ደቡብ አፍሪካ በእስራኤል ላይ ባቀረበችው ክስ በጃንዋሪ 2024 ጊዜያዊ ትእዛዝ ሰጠ። ትእዛዙ እስራኤል የዘር ማጥፋት ፈጽማለች የሚል ፍርድ አይደለም፤ ከደሙ ንጹሕ ናት የሚልም አይደለም። ያው ፍርድ ቤት በጁላይ 2024 እስራኤል በያዘቻቸው የፍልስጤም ግዛቶች መቆየቷ ሕገ ወጥ ነው ሲል የምክር አስተያየት ሰጥቷል፤ ይህ ሌላ ጉዳይ ነው። ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት ደግሞ ግለሰቦችን ይከሳል። በኖቬምበር 2024 በእስራኤሉ ጠቅላይ ሚኒስትር ኔታንያሁ፣ በቀድሞው መከላከያ ሚኒስትር ጋላንትና በሃማሱ የጦር አዛዥ መሐመድ ዴይፍ ላይ የእስር ማዘዣ አወጣ። ማዘዣ ሰውየው ወንጀሉን ፈጽሟል ብሎ ለማመን የሚበቃ ምክንያት አለ ማለት ነው፤ ጥፋተኝነት የሚታወቀው ከችሎት በኋላ ነው።

አሁን በእኛ ዘንድ በጣም ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። በአማርኛ የሚደረገው ክርክር ብዙውን ጊዜ ክርስቲያንን ከእስራኤል፣ ሙስሊምን ከፍልስጤም ጋር ያሰልፋል። መሬት ላይ ያለው ግን እንዲህ አይደለም። ቤተልሔም ውስጥ ፍልስጤማውያን ክርስቲያኖች አሉ። በጋዛ የቅዱስ ጶርፊርዮስ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር በኦክቶበር 2023 በእስራኤል የአየር ጥቃት ተመትቶ የተጠለሉ ምእመናን ሞተውበታል። ከእስራኤል ዜጎች አንድ አምስተኛው አረብ ነው፤ ኦክቶበር 7 ከተገደሉትና ከታገቱት መካከልም ሙስሊም በዳዊኖች ነበሩ። የእኛ የዴር ሱልጣን መነኮሳት የሚኖሩት እስራኤል በ1967 በያዘችው በአሮጌዋ ኢየሩሳሌም ነው። የቤተ ክርስቲያን መምህራን እስራኤል ዘሥጋና እስራኤል ዘነፍስ እያሉ ለይተው ያስተምራሉ፤ በመጽሐፉ ያለውን እስራኤል ከዛሬ ካቢኔ ውሳኔ ጋር አንድ ማድረግ የእነሱ ትምህርት አይደለም። ኡማውን (የሙስሊሙን ማኅበረሰብ) መውደድም የሃማስን እያንዳንዱን ሥራ ማጽደቅ አይደለም። በማርች 2025 በቤት ላሂያ አደባባይ ወጥተው ሃማስን የተቃወሙት የጋዛ ሰዎች ናቸው፤ በቴል አቪቭ የታጋቾቹ ቤተሰቦችም የራሳቸውን መንግሥት ሲቃወሙ ከርመዋል።

የእኛ ሰው በሁለቱም አቅጣጫ አለ። በኦፕሬሽን ሰለሞን በ1991 ብቻ ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤል ተጉዘዋል። ልጆቻቸው ዛሬ በግዴታ ውትድርና ላይ ናቸው፤ በ2019 ደግሞ ፖሊስ አንድ ወጣታቸውን ሲገድል በዚያው አገር አደባባይ ወጥተዋል። በ2014 ወደ ጋዛ ገብቶ በሃማስ የተያዘ አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ እስራኤላዊ የተለቀቀው በፌብሩዋሪ 2025 ነው። በ2024 መኸር ሊባኖስ ስትደበደብ አሠሪዎቻቸው ጥለዋቸው የሸሹ እህቶቻችን ቤይሩት መንገድ ላይ አድረዋል። በምትጽፉበት ቡድን ውስጥ የእነዚህ ዘመድ አለ ብላችሁ ጻፉ።

ስትከራከሩ የሌላውን ሐሳብ «አዎ፣ እንደዚያ ነው ያልኩት» እስኪል ድረስ በራሳችሁ ቃል መልሱለት፤ መልስ የምትሰጡት ከዚያ በኋላ ነው። በአንድ ጊዜ አንድ ጥያቄ ብቻ ያዙ፤ ስለ ታጋቾቹ ሲጠይቃችሁ ስለ ሰፈራው አትመልሱ፣ ስለ ጋዛ ረሃብ ሲጠይቃችሁም ስለ ሮኬት አትመልሱ። አይሁዳዊውን ለኔታንያሁ፣ ሙስሊሙን ለሃማስ ተጠያቂ አታድርጉ። የሞቀ ክርክር ከቡድኑ ወደ ግል መልእክት ሲወጣ ብዙ ጊዜ ይበርዳል፤ ተመልካች ፊት ማንም ተሸነፍኩ አይልም።

የተሳሳተ ነገር ካጋራችሁ ደግሞ ዝም ብላችሁ አታጥፉት፤ ያዩት ሰዎች እውነት መስሏቸው ይቀራሉ። እዚያው ቡድን ውስጥ፣ ለዚያው መልእክት ምላሽ አድርጋችሁ «ትናንት ያጋራሁት ቪዲዮ የጋዛ አይደለም፤ ከሶሪያ የተወሰደ የቆየ ምስል ነው» ብላችሁ ጻፉ፤ ዋናውንም አያይዙ። «ግን እነሱም እኮ…» የሚል አትጨምሩበት።