ውድ ኮከብ ይለቀቅ ወይስ ይቆይ? የሆኪ ጥያቄዎቻችሁ

ሰሞኑን ስለ ኤንኤችኤል፣ ማለትም ስለ ሰሜን አሜሪካው የበረዶ ሆኪ ሊግ፣ ዝውውር ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። አብዛኛው ከቶሮንቶና ከዴንቨር ነው። ሁለቱም ከተሞች በ2025 ትልቅ ኮከባቸውን ስላጡ አይገርምም።

ጥያቄ፦ እኔ የእግር ኳስ ሰው ነኝ። ክለቡ ሀብታም ከሆነ ለምን ከፍሎ አያስቀረውም?

መልስ፦ አይችልማ! ሊጉ ለሁሉም ክለብ እኩል የደመወዝ ጣሪያ ያስቀምጣል። በ2024-25 ጣሪያው 88 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በዚያ ገንዘብ ሙሉ ቡድን ትይዛለህ። ለአንዱ የጨመርከው ከሌላው የተቀነሰ ነው። ዝውውሩም እንደ እግር ኳሱ በገንዘብ አይደለም። ተጫዋች በተጫዋች ወይም በድራፍት ምርጫ (አዳዲስ ወጣቶችን በተራ የመምረጥ መብት) ይለወጣል። "ሸጡት" የምንለው በልማድ ነው።

ጥያቄ፦ ከዴንቨር አጠገብ ካለችው ከኦሮራ ነው የምጽፍልህ። ክለባችን ኮሎራዶ አቫላንች ኮከቡን ራንታነንን መልቀቁ እስካሁን ያንገበግበኛል። ተሳስተዋል ወይስ እኔ በስሜት ነው የማየው?

መልስ፦ ተሳስተዋል፣ ወንድሜ። ሚኮ ራንታነን በዓመት 9.25 ሚሊዮን ዶላር ነበር የሚያገኘው። ኮንትራቱ በ2025 ያልቅ ነበር። ክለቡ በነፃ እንዳያመልጠው ፈራና ጃንዋሪ 24 ወደ ሌላው ክለብ ወደ ካሮላይና ላከው። በምትኩ ማርቲን ኔቻስን፣ ጃክ ድሩሪንና የድራፍት ምርጫዎችን ወሰደ። ካሮላይናም ማስፈረም ሲያቅተው ማርች 7 ለዳላስ አሳልፎ ሰጠው። ዳላስ ለ8 ዓመት፣ በዓመት 12 ሚሊዮን አስፈረመው።

ከዚያ ሜይ 3 መጣ። የጥሎ ማለፉ የመጀመሪያ ዙር ሰባተኛና ወሳኝ ጨዋታ፣ ዳላስ ከኮሎራዶ። በሦስተኛውና በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ኮሎራዶ 2 ለ 0 ይመራል። ራንታነን አንድ አገባ። ቀጥሎ ከጎሉ ጀርባ ዞሮ መጥቶ አቻ አደረገ። ዳላስ 3 ለ 2 መራ። ኮሎራዶ ተጨማሪ አጥቂ ለማስገባት በረኛውን አስወጥቶ ጎሉ ባዶ ሲቀር ራንታነን ሦስተኛውን ጨመረ። በአንድ ክፍለ ጊዜ ሃትሪክ፣ በገዛ የቀድሞ ክለቡ ላይ!

ኔቻስ ጎበዝ ነው። ግን እሱም በኋላ በዓመት 11.5 ሚሊዮን ፈረመ። ልዩነቱ ግማሽ ሚሊዮን ብቻ ሆነ። ቴክሳስ የስቴት የገቢ ግብር ስለሌለው ራንታነን በኮሎራዶ ትንሽ ከፍ ያለ መጠየቁ አይቀርም ነበር። እኔ ብሆን እከፍለው ነበር።

ጥያቄ፦ ቶሮንቶስ? ኮከቡን ማርነርን ቀድሞ መልቀቅ ነበረበት?

መልስ፦ አዎ እህቴ፣ በ2023። በ2024-25 ማቲውስ 13.25፣ ናይላንደር 11.5፣ ታቫሬስ 11፣ ማርነር 10.9 ሚሊዮን ይዘው ነበር። አራት ሰው ከጣሪያው ከግማሽ በላይ ወሰደ! ግን ዋናው ስህተት ብሩ ሳይሆን ጊዜው ነው። ከጁላይ 1፣ 2023 ጀምሮ ማርነርን ያለ ፈቃዱ ማዛወር የሚከለክለው አንቀጽ ሥራ ላይ ዋለ። ከዚያ በኋላ ቁልፉ በእሱ እጅ ነበር። በመጨረሻው ዓመቱ 102 ነጥብ (ያገባቸውና ለጎል ያቀበላቸው ድምር) አስመዝግቦ ጁን 30፣ 2025 ወደ ቬጋስ ሄደ። ቶሮንቶ በምትኩ ያገኘው ተጫዋች ኒኮላ ሯን ብቻ ነው። ሯ ታታሪ ልጅ ነው፤ የማርነር ምትክ ግን አይሆንም።

ጥያቄ፦ ኮከቡን ለውጦ የተጠቀመ ክለብ አለ?

መልስ፦ ፍሎሪዳ! ኮከቡ ሁበርዶ በ2021-22 115 ነጥብ አስመዘገበ። ኮንትራቱ ሊያልቅ አንድ ዓመት ሲቀረው፣ ገና ዋጋው ከፍተኛ በሆነበት ሰዓት፣ ከተከላካዩ ዊገር ጋር አድርገው ለካልጋሪ ሰጡትና የ24 ዓመቱን ማቲው ትካቸክን ወሰዱ። ትካቸክ በዓመት 9.5 ሚሊዮን ለ8 ዓመት ፈረመ። ሁበርዶ በቀጣዩ ዓመት ወደ 55 ነጥብ ወረደ። ፍሎሪዳ በ2024 እና በ2025 የሊጉን ዋንጫ ስታንሊ ካፕን አነሳ። እኔ ሁሌ የምለው ይሄንን ነው፤ ውሳኔው ከአንድ ዓመት በፊት ይወሰን፣ የሚመጣውም ወጣትና ዝግጁ ይሁን።

ጥያቄ፦ ጣሪያው እየጨመረ ነው ይባላል። ለውጥ ያመጣል?

መልስ፦ በጣም። በ2025-26 95.5 ሚሊዮን ደርሷል፤ ለ2026-27 የተቀመጠው 104 ነው። 12 ሚሊዮን ከ88ቱ ወደ 14 በመቶ ይሆን ነበር፤ ከ104ቱ ግን 11.5 በመቶ ነው። ረጅም ኮንትራት የፈረመ ኮከብ በየዓመቱ እየረከሰ ይሄዳል ማለት ነው። ስለዚህ ዛሬ "በጣም ውድ ነው" ተብሎ ብቻ ኮከብ ሲለቀቅ ማየት አልፈልግም።