ጉጉት ጓሮዬ ገብታ ትጮሃለች፣ ምን ላድርግ? (ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ፦ መምህር እንደምን ሰነበቱ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ዙሪያ ገጠር ነው። ባለፈው ማታ ጓሮ ወጥቼ ባትሪ ሳበራ ጉጉት የገብሱ ክምር ላይ ቁጭ ብላለች፣ ገላዋ ወደዛ ሆኖ አንገቷን ብቻ ወደኔ አዙራ አፈጠጠችብኝና ኮሽ ሳትል በረረች። ከዛ ወዲህ ማታ ማታ የጽድ ዛፉ ላይ ትጮሃለች። እናቴ ደግሞ ታማ ተኝታለች። ጎረቤት ሁሉ ሰው ልትወስድ ነው ይለኛል። ጨንቆኝ አንድ "አዋቂ" ጋ ሄጄ ገብስማ ዶሮ ለጭዳ አምጪ አለኝ፣ ቀብድም ሰጥቻለሁ። ልጆቹ በወንጭፍ እንግደላት እያሉ ነው። ርኩስ ወፍ ስለሆነች ቤቱ ጠበል ይረጭ ወይ?

መልስ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር እናትሽን ይማርልሽ።

መጀመሪያ የወፏን ነገር እንጨርሰው። ገብስ ተከምሮ ሲሰነብት አይጥ ይሰበሰባል፣ አይጥ ካለ ጉጉት ትመጣለች፣ በቃ። ኮሽ የማትለው የላባዋ ጠርዝ ለስላሳ ስለሆነ ነው፣ አይጧ እንዳትሰማት። አንገቷም ያስደነገጠሽ አይኗ እንደኛ ግራና ቀኝ ስለማይዞር ነው፣ ጎኗን ለማየት ራሷን ማዞር አለባት፣ 270 ዲግሪ ድረስ ታዞረዋለች። ፈጣሪ እንዲ አድርጎ ነው የሰራት፣ በአምስተኛው ቀን ከሌሎቹ ወፎች ጋር።

ርኩስ ያልሽው ዘሌዋውያን 11 ላይ ያለውን ነው፣ እሱ ግን አትብሏት ነው የሚለው እንጂ መርገም ይዛ ትመጣለች አይልም። ንስርም እኮ እዛው ዝርዝር ውስጥ አለ፣ ወንጌላዊው ዮሐንስን ደግሞ በገጸ ንስር ነው የምንመስለው። ስለዚ ጠበሉን ለእናትሽ አምጪላት፣ ለጓሮው አያስፈልግም።

አሁን "እናቴ በታመመች ጊዜ ለምን መጣች" ትይኛለሽ። እስቲ አስቢው፣ ከመንደሩ ሌሊት ሙሉ መብራት የሚያበራው፣ ሰው ተኝቶ የማያድረው የትኛው ቤት ነው? በሽተኛ ያለበት ቤት አይደል? ሌላው ተኝቷል፣ ብትጮህም አይሰማትም፣ የሰማው ያው አስታማሚ ነው፣ በሽተኛው ካረፈ "ጉጉት ጮሃ ነበር" ይባላል፣ ከዳነ ግን ጩኸቷን የሚያስታውስ የለም። እኛ የሌሊቱን ጸሎት፣ ሰዓታት ልንቆም በሌሊት ስንሄድ የቤተክርስቲያኑ ጽድና ወይራ ላይ ስትጮህ እንሰማታለን፣ በጮኸች ቁጥር ሰው የምትወስድ ቢሆን ኖሮ ይሄኔ አንድ ዲያቆን አይተርፍም ነበር።

ጌታ በማቴዎስ 10፥29 ከድንቢጦች አንዷ እንኳ ያለ አባታችሁ ፈቃድ አትወድቅም ብሎናል፣ ወፏ የራሷን ሞት የማታዝ ከሆነ የእናትሽን እንዴት ታዛለች?

ልጆቹንም ተያቸው በያቸው፣ አይጥሽን እየበላችልሽ ነው እኮ፣ ክምሩ ስር የአይጥ መርዝም አታድርጊ፣ የተመረዘች አይጥ በልታ እሷም ትሞታለች። ኦሪት የወፍ ጎጆ ያገኘ ሰው እናቲቱን ከጫጩቶቿ ጋር አይውሰድ ትላለች (ዘዳ 22፥6)፣ ለወፍ እንኳ ይሄን ያህል ታስባለች።

ከጉጉቷ ይልቅ እኔን ያስፈራኝ ዶሮው ነው። ዘዳግም 18፥10 ጀምሮ ሟርተኛና ጠንቋይ በእግዚአብሔር ፊት የተጠላ ነው ይላል፣ ጭዳ ደግሞ ለማን እንደሚፈስ አንቺም ታውቂዋለሽ፣ ያውም በጾመ ነቢያት! ቀብዱን ልቀበል ብለሽ እንኳ እንዳትመለሺ፣ ይቅርብሽ፣ ሰውየው ሌላ ነገር ያስፈራራሻል። እናትሽን ጤና ጣቢያ ውሰጃት፣ ካህን ጠርተሽ ጸሎተ ቀንዲል (በሽተኛ ዘይት የሚቀባበት ጸሎት) ይደረግላት፣ ያዕቆብ 5፥14 የሚያዘው እሱን ነው። ማታ ከፈራሽ መዝሙር 90ን ድገሚ፣ "ከሌሊት ግርማ" የሚለው ላይ ስትደርሺ ቀስ በይ።

አዋቂ ጋ መሄድሽን ደግሞ ለንስሐ አባትሽ ሳትደብቂ ንገሪያቸው። ቀኖናውን እኔ ከዚህ ሆኜ በጽሁፍ ልሰጥሽ አልችልም፣ የሚሰጡሽ እሳቸው ናቸው።