ባትሪውን በጽሑፉ አይግዙት፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የሪሞት መኪና ውድድር የሚወዱ የባሕር ዳርና የጣና ዳርቻ አንባቢዎች ከላኩልን ጥያቄዎች የሚበዛው ስለ ሊቲየም ባትሪ ነው። የሚመሳሰሉትን አጣምረን አምስቱን መልሰናል። የመጀመሪያው መልስ ረዘም ይላል፤ ለሌሎቹም መነሻ ስለሆነ ሳይዘለል ይነበብ።

ጥያቄ፦ ለ1/10 መኪናዬ (የእውነተኛው መኪና አንድ አሥረኛ ለሆነችው) ሁለት ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ባትሪ አማርጠውኛል። ሁለቱም ባለ ሁለት ሴል፣ 7.4 ቮልት፣ 5000 ሚሊአምፔር ሰዓት ናቸው። አንዱ ላይ 50ሲ፣ ሌላው ላይ 120ሲ ተጽፏል። የሚገርመው ባለ 120ው በዋጋ ይረክሳል። የትኛውን ልግዛ? (አንባቢ፣ ከፔዳ)

መልስ፦ ርካሹ ላይ 120 ብሎ የጻፈው ሰው ከቀለም በቀር ያወጣው ወጪ የለም። "ሲ" የሚባለው ቁጥር ባትሪው ሳይጎዳ የአቅሙን ስንት እጥፍ አምፔር በተከታታይ መስጠት እንደሚችል የሚናገር ነው። 5 አምፔር ሰዓት በ120 ሲባዛ 600 አምፔር ይሆናል። ይህ እውነት ቢሆን ባትሪው በ30 ሰከንድ ተሟጦ ያልቃል፤ ሽቦው ደግሞ ከዚያ በፊት ይቀልጣል። ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ኤክስቲ 60 ኮኔክተር እንኳ የሚሸከመው ቢበዛ 60 አምፔር ነው። ፋብሪካዎችን የሚያስገድድ አንድ ወጥ መለኪያ ስለሌለ የሚጻፈው ቁጥር በየጊዜው ሽቅብ ይወጣል፤ የባትሪው ውስጥ ግን አብሮት አይወጣም። ስለዚህ "ሲ"ውን ይርሱትና ሦስት ነገር ይለኩ።

መጀመሪያ ሚዛን ላይ ያስቀምጡት። ርዝመቱ 139፣ ስፋቱ 47፣ ውፍረቱ 25 ሚሊሜትር የሆነ፣ ጠንካራ መያዣ ያለው ሙሉ መጠን ባለ ሁለት ሴል ባትሪ በእርግጥ 5000 ከሆነ ብዙውን ጊዜ ከ250 እስከ 300 ግራም ይመዝናል። ብዙ አምፔር የሚሰጥ ሴል በውስጡ ያለው የመዳብና የአሉሚኒየም ቅጠል ወፈር ያለ ነው፤ ውፍረት ደግሞ ክብደት ነው። ያ ባለ 120 ባትሪ 200 ግራም እንኳ የማይሞላ ከሆነ ወይ አቅሙ፣ ወይ "ሲ"ው፣ ወይ ሁለቱም ውሸት ናቸው። ሱቁ ሚዛን ከሌለው ጎረቤቱ ያለው ቅመም ሻጭ አያጣም።

ሁለተኛው የውስጥ ሬዚስታንስ ነው፤ ባትሪው ራሱ ውስጡ የሚያልፈውን ኃይል ምን ያህል እንደሚያግድ ማለት ነው። ከአነስተኛ ዋጋዎቹ በስተቀር የዛሬ ባላንስ ቻርጀሮች (ሴሎቹን እኩል አድርገው የሚሞሉት) የእያንዳንዱን ሴል በሚሊኦም ያሳያሉ። አዲስና ደህና የ5000 ሴል በ25 ዲግሪ ሙቀት ከ1.5 እስከ 3 ሚሊኦም ድረስ ነው። 5 እና 6 የሚያሳይ አዲስ ባትሪ ለልጅ መጫወቻ ይሆናል፣ ለውድድር ግን አይሆንም። ከቁጥሩ ይልቅ የሁለቱ ሴሎች መቀራረብ ይበልጥ ያሳስበናል፤ አንዱ 2፣ ሌላው 4 ካለ አይግዙት። ደካማው ሴል ሁልጊዜ ቀድሞ ይወርዳል፣ ቀድሞ ይሞቃል፣ ጤነኛውንም ይዞት ይሞታል። ሁለት ባትሪ ሲያወዳድሩ በአንድ ቻርጀር፣ በአንድ ሰዓት፣ ሁለቱም ሙሉ ሆነው ይሁን፤ ጠዋት ቀዝቅዞ የተለካና ቀትር ላይ የተለካ ባትሪ አይወዳደሩም።

ሚሊኦም ትንሽ ቢመስልም ሒሳቡ ትንሽ አይደለም። ሁለቱ ሴሎች ተደምረው 6 ሚሊኦም ቢሆኑ፣ ሞተሩ 60 አምፔር ሲስብ 0.36 ቮልት ይጠፋል፤ ባትሪው ውስጥም 22 ዋት ገደማ ሙቀት ይፈጠራል። ድምሩ 20 ሚሊኦም ከሆነ 1.2 ቮልት ይጠፋል፣ ሙቀቱም 72 ዋት ይደርሳል። ከኩርባ ሲወጡ ጋዝ ሰጥተው መኪናዋ የምታቅማማው በዚህ ነው።

ሦስተኛው እውነተኛው አቅም ነው፤ ይህ ከገዙ በኋላ ስለሚለካ ሻጩን የመመለሻ ቀን አስቀድመው ይጠይቁት። ባትሪው ሞልቶ፣ መኪናዋ በሴል 3.4 ቮልት ላይ እንድታቆም ሞተር መቆጣጠሪያዋ ተስተካክሎ ትነዳ። ካቆመች በኋላ ባትሪው ግማሽ ሰዓት ይረፍ፣ ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ በ5 አምፔር ቻርጅ ይደረግና ቻርጀሩ ስንት ሚሊአምፔር ሰዓት እንደመለሰ ይታይ። ከ4000 በታች ከሆነ 5000 አይደለም።

ይኸው ቁጥር የሚያስፈልግዎትንም ይነግርዎታል። 5 ደቂቃ ሙሉ ከነዱ በኋላ ቻርጀሩ 2400 ከመለሰ በ12 ያባዙት፤ አማካይ ፍጆታዎ 29 አምፔር ገደማ ነበር ማለት ነው። ሲነሱ የሚስበው ከዚህ ብዙ እጥፍ ይሆናል፣ ግን ለቅጽበት ነው። ይህን እውነተኛ የሆነ 50ሲ በምቾት ይችለዋል። እንግዲህ ክብደቱና ሚሊኦሙ ካለፈ ባለ 50ውን ይግዙ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ከዱባይ ሲመጣ አራት ባትሪ እንዲያመጣልኝ ፈልጌ ነበር። አውሮፕላን ላይ ይከለከላል? (አንባቢ፣ ከቀበሌ 14)

መልስ፦ ዋናው ሻንጣ ውስጥ ፈጽሞ አይገባም፤ በእጅ ሻንጣ ነው የሚጓዘው። ወሰኑ የሚታየው በዋት ሰዓት ነው፤ ቮልቱን በአምፔር ሰዓት ያባዙት። ባለ 2 ሴል 5000 ባትሪ 37፣ ባለ 3 ሴል ደግሞ 55.5 ዋት ሰዓት ነው። እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለው ልዩ ፈቃድ አይጠይቅም፤ ከ100 እስከ 160 ያለው የአየር መንገዱን ይሁንታ ይፈልጋል፣ እሱም ከሁለት አይበልጥም። ብዛትን በተመለከተ አየር መንገዶች የየራሳቸው ገደብ ስላላቸው ወንድምዎ ትኬት ሲቆርጡ ይጠይቁ። የእያንዳንዱ ባትሪ ኮኔክተር በፕላስተር ይሸፈን፣ ባትሪዎቹም ለየብቻ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ይግቡ። ቮልቱና አቅሙ የተጻፈበት ተለጣፊ እንዳይላጥ፤ ፍተሻ ላይ ያለ ጽሑፍ የቀረበ ባትሪ እዚያው ይቀራል።

ጥያቄ፦ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ከተበላሸ ላፕቶፕ ባትሪ ያወጣኋቸው 18650 የሚባሉ ክብ ሴሎች አሉኝ፤ ገበያ ላይም 9900 የሚል 18650 አይቻለሁ። አራቱን አገናኝቼ ለውድድር ባትሪ ልሥራ? (ከጎርጎራ)

መልስ፦ 9900 የሚለውን እንዳትነካው። በዚህ መጠን የተሠራ ደህና ሴል ቢበዛ 3500 አካባቢ ነው፣ ክብደቱም ከ45 እስከ 50 ግራም ነው። 30 ግራም የማይሞላ ካጋጠመህ ግማሹ ባዶ ነው።

የላፕቶፑ ሴል ሐሰተኛ አይደለም፤ ግን ለሌላ ሥራ የተሠራ ነው። ቀስ ብሎ ለረጅም ሰዓት እንዲሰጥ የታሰበ ስለሆነ አብዛኛው ከ5 አምፔር አካባቢ በላይ ሲጠየቅ ይደክማል። ሁለት ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገህ ብታገናኝ 10 አምፔር ታገኛለህ፤ መኪናህ ሲነሳ 60 ቢስብ ቮልቱ ወዲያው ይወድቃል፣ ሞተር መቆጣጠሪያው ባትሪው ያለቀ መስሎት ያቆማል። አንተ ደግሞ መቆጣጠሪያው ተበላሸ ብለህ ትፈታዋለህ።

18650 መጠቀም ከፈለግህ ለከፍተኛ አምፔር የተሠሩትን ፈልግ፤ ሳምሰንግ 25አር 2500 ሚሊአምፔር ሰዓት ሆኖ 20 አምፔር ይሰጣል፣ ሞሊሴል ፒ26ኤ ደግሞ 2600 ሆኖ 35። ሁለቱን ጎን ለጎን ስታደርጋቸው 40 ወይም 70 ትደርሳለህ፤ ለልምምድ ይበቃል። ሴሉን በካውያ አትበይደው፣ ሙቀቱ ውስጡን ይጎዳዋል፤ በስፖት ብየዳ ነው የሚያያዘው። ሰው የሚስተው ሴሎቹን የሚያያይዘውን ጥብጣብ ነው፦ 0.15 ሚሊሜትር ውፍረትና 8 ሚሊሜትር ስፋት ያለው አንድ ንብርብር ኒኬል ከ7 አምፔር ገደማ በላይ ሲያልፍበት መሞቅ ይጀምራል፤ ስለዚህ ዋናው መስመር መዳብ ይፈልጋል። ኒኬል ተብሎ የሚሸጠው ብዙው ደግሞ የተቀባ ብረት ነው። ቁራጩን ቧጭረህ አንድ ሌሊት ጨው ውኃ ውስጥ አሳድረው፤ ከዛገ ብረት ነው። ጎን ለጎን ከማገናኘትህ በፊት ሴሎቹ ቮልታቸው እኩል ይሁን፤ 4.1 እና 3.5 የሆኑ ሁለት ሴሎች ሲነካኩ አንዱ ወደ ሌላው ያለ ልክ ይገለብጣል።

እንዲህ ያለውን የቤት ሥራ ባትሪ ግን ደንብ ያለው ውድድር አይቀበለውም። በዓለም አቀፍ የ1/10 ውድድሮች ባትሪው ጠንካራ መያዣ ያለው መሆን አለበት።

ጥያቄ፦ ሚያዝያ ላይ ቀትር ላይ ስንሮጥ ውለን ባትሪዬ አበጠ። ጓደኛዬ በመርፌ ወግቼ አየሩን እንዳስወጣ መከረኝ። ይሠራል? (አንባቢ፣ ከቀበሌ 16)

መልስ፦ መርፌውን ያስቀምጡት! ያበጠው አየር ገብቶበት አይደለም፤ ውስጡ ያለው ፈሳሽ ፈርሶ ወደ ጋዝ ተቀይሮ ነው። ጋዙ ተቀጣጣይ ነው፤ መርፌው ሁለት ቅጠሎችን ካገናኘ ደግሞ ውስጡ ሾርት ይሆንና እጅዎ ላይ ይነድዳል። ባይነድድም በቀዳዳው እርጥበት ይገባል፤ ሴሉ ያን ዕለት አልቋል።

ያበጠ ባትሪ ወደ ውድድር አይመለስም። ጠንካራ መያዣ ያለው እብጠቱን ስለሚደብቅ በየጊዜው መስታወት ላይ በጀርባው ያስተኙት፤ ከተወዛወዘ ወይም የመያዣው ስፌት ከተከፈተ አብጧል።

ምክንያቱን ካላገኙ ግን ቀጣዩም ያብጣል። በመጀመሪያ ሞተር መቆጣጠሪያውን ይዩ፤ በድሮው የኒኬል ባትሪ ስልት ላይ ተቀምጦ ከሆነ ሊፖው በሴል ከ3.0 ቮልት በታች እስኪወርድ ዝም ብሎ ይነዳል። ከጥፋቶች ሁሉ የሚበዛው ይህ ነው። ቀጥሎ ጥርሱ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል 1800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት፤ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በአንድ ስድስተኛ ያህል ስለሚሳሳ ማራገቢያው ያንኑ ያህል ዞሮ ያነሰ ያቀዘቅዛል። ከመኪናው ጋር በመጣው ወረቀት ላይ ያለው የፒኒየን (ሞተሩ ላይ ያለው ትንሹ የጥርስ ጎማ) የጥርስ ቁጥር ለዚያኛው አየር የተጻፈ ነው። በሚያዝያና በግንቦት ቀትር አንድ ወይም ሁለት ጥርስ ይቀንሱ፤ ከቀጥታው ፍጥነት ትንሽ ይጎድላል፣ አምፔሩ ግን ይወርዳል። ሩጫው እንዳለቀ የባትሪው ሙቀት ከ50 ዲግሪ ባይበልጥ ጥሩ ነው፣ 60 ግን ወሰኑ ነው። መዳፍ ላይ ይዘው መቆየት ካቃተዎት አልፏል። ትኩስ ባትሪ ቻርጀር ላይ አይሰካም፤ ጥላ ሥር የአካባቢውን አየር ያህል እስኪቀዘቅዝ ይጠበቃል።

ያበጠውን ለማስወገድ ደጅ፣ ባዶ መሬት ላይ አድርገው የመኪና ፍሬቻ አምፖል፣ 12 ቮልት 21 ዋት የሆነውን፣ ያገናኙበትና እስኪጠፋ ይተዉት፤ ከዚያም በኋላ እስከ ማግሥቱ አይንቀሉት። በቴስተር ዜሮ መሆኑን አረጋግጠው ጫፎቹን በፕላስተር ይሸፍኑ። ጨው ውኃ ውስጥ መንከር የሚባለው ብልሃት ከውስጡ ይልቅ ጫፎቹን ቀድሞ ይበላል፤ ኃይሉ ውስጥ ታፍኖ ይቀራል። ከሚቃጠል ቆሻሻ ጋር አይጣል፤ ጣና ውስጥ መወርወርማ ነውር ነው።

ጥያቄ፦ መብራት በየመሃሉ ይጠፋብናል። ባትሪ እንዴት ቻርጅ እናድርግ? ክረምቱንስ እንዴት እናሳልፋቸው? (ሁለት ወንድማማቾች፣ ከበዛዊት ሥር)

መልስ፦ መብራት መጥፋቱ ባትሪውን አይጎዳውም፤ አደጋው ሲመለስ ነው። ቻርጀሩን ወዲያው ነቅላችሁ መብራቱ ከተመለሰ አምስት ደቂቃ ያህል ሲረጋ እንደገና ሰኩት፤ ሴል ብዛቱንም ደግማችሁ አረጋግጡ። ባለ 2 ሴል ባትሪ በባለ 3 ሴል ስልት ቻርጅ ከተደረገ ይቃጠላል። ስለዚህ ትንሹ የባላንስ ሽቦ ሁልጊዜ ይሰካ፤ ቻርጀሩ ስሕተቱን የሚያይበት ዓይኑ እሱ ነው።

ብዙ ቻርጀሮች 12 ቮልትም ይቀበላሉ፤ መብራት በሌለበት ቀን የመኪና ባትሪ ያገለግላል። 60 አምፔር ሰዓት ያለው ባትሪ 720 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ሞተር ማስነሻ ባትሪ ጥልቅ ፍሳሽ ስለማይወድ ከአንድ ሦስተኛው በላይ አትውሰዱ። በቻርጀሩ የሚባክነው ሲታሰብ አምስት ያህል ባትሪ ይሞላል። 5000ን በ5 አምፔር ለመሙላት 42 ዋት ስለሚያስፈልግ ባለ 50 ዋት ቻርጀር ይበቃችኋል።

ቻርጅ የሚደረገው ከምንጣፍ፣ ከፍራሽና ከቡታጋዝ ርቆ ነው። አሮጌ የሸክላ ድስት ታቹ አሸዋ ተደርጎበት ይሠራል፤ ክዳኑ ግን ገርበብ ይበል፣ ጋዙ ከታፈነ ሸክላውን ያፈነዳዋል። አንድ ባልዲ ደረቅ አሸዋ አጠገብ ይኑር። ከነደደ ጭሱ መርዝ ነው፤ አሸዋውን ደፍታችሁ ውጡ።

ከሰኔ ጀምሮ ሜዳው ጭቃ ሲሆን ባትሪዎቹን ሞልታችሁ አታስቀምጡ፤ ባዶም አታድርጓቸው። በሴል 3.8 ቮልት ላይ አቁሙና ቀዝቀዝ ያለ፣ ደረቅ ቦታ አኑሯቸው፤ የሐይቁ እርጥበት ኮኔክተሩን ስለሚያጠቁር በፕላስቲክ ከረጢት ይሁን። በወር አንድ ጊዜ በቴስተር ለኩ። መስከረም ላይ ስታወጧቸው የሁለቱ ሴሎች ልዩነት ከ0.05 ቮልት በላይ ከሆነ በ1 አምፔር ቀስ ብላችሁ ባላንስ አድርጉ፤ ከሳምንት በኋላ ልዩነቱ ተመልሶ ከመጣ ያ ባትሪ ለልምምድ ብቻ ይቅር።