ደረጃ፣ ምጣድና ታፔላ፦ ስለ ዲዛይን ትምህርት ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ዲዛይነር አይደለሁም። የዲዛይን ትምህርት እኔን ምን ያገባኛል?

ጠዋት የወረዱት ደረጃ፣ የከፈቱት በር፣ ታክሲ የጠበቁበት ጠርዝ ሁሉ የሆነ ሰው ተማሪ ሳለ በለመደው ልክ የተሠሩ ናቸው። በልደታ እ.ኤ.አ. በ1954 በስዊድን ትብብር ተቋቁሞ ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አካል የሆነው የሥነ ሕንፃና የግንባታ ኢንስቲትዩት ለከተማችን ብዙ ባለሙያ አፍርቷል። ተማሪው ሜትር ይዞ ሰፈር ከገባ ልኩ ከኑሯችን ይመጣል። ካልገባ ከውጭ መጽሐፍ ይቀዳል።

ጥያቄ፦ በብሎካችን ሰው የሚደናቀፈው ሁሌ ደረጃው መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ነው። ለምን?

ካሳፎርማው (አርማታው የሚፈስበት ቅርጽ) ሲመታ እያንዳንዱ ደረጃ 17 ሴ.ሜ ነበር እንበል። ከዚያ ወለሉ ላይ 5 ሴ.ሜ ሊሾና ሴራሚክ ይገባል፣ መርገጫው ላይ ግን 3 ብቻ። የመጀመሪያው ደረጃ 15፣ የመጨረሻው 19 ሆኖ ያርፋል። እግር ከሁለት ሦስት እርምጃ በኋላ ልኩን ስለሚለምድ ዓይን አያየውም። መድኃኒቱ ካለቀለት ወለል እስከ ካለቀለት ወለል ለክቶ ማካፈል ነው፦ 3.06 ሜትር ለ18 ደረጃ ሲካፈል 17 ሴ.ሜ። አርማታው ሲፈስ የመጀመሪያው 19፣ የመጨረሻው 15 ይሁን፤ ሊሾው ሁሉንም ወደ 17 ይመልሰዋል። መርገጫው 29 ሴ.ሜ ቢሆን ይመቻል፤ የቁመቱ እጥፍ ከመርገጫው ጋር ተደምሮ ከ60 እስከ 64 መሆን አለበት።

ጥያቄ፦ ምጣዴ ከኩሽናው ባንኮኒ ተርፎ ይወጣል። የማን ጥፋት ነው?

የዲዛይኑ። 60 ሴ.ሜ የባንኮኒ ስፋት ለውጭ ምድጃ የወጣ ልክ ነው። ምጣዱ ራሱ ወደ 60 ሴ.ሜ ይጠጋል፣ ማስቀመጫው ደግሞ ይበልጣል። 75 ሴ.ሜ ስፋት፣ ከተለመደው 90 ዝቅ ያለ ከፍታ፣ አክንባሎው ሲነሳ እንፋሎቱ የሚወጣበት መስኮትና ምጣዱ ለብቻው የሚሰካበት መስመር ያስፈልጋል። 3.5 ኪሎ ዋት ያህል ስለሚስብ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይሆናል፤ በማከፋፈያ ገመድ ከሰካችሁት ገመዱ ሊቃጠል ይችላል። ይህን ሳይለካ ኩሽና የሚስል ተማሪ ባይመረቅ እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ ሱቄ ደጃፍ ሦስት ደረጃ አለ። በ2 ሜትር ቦታ የዊልቸር ራምፕ ይወጣል?

አይወጣም። ለእያንዳንዱ 1 ሴ.ሜ ከፍታ 12 ሴ.ሜ ርዝመት ያስፈልጋል፤ የሦስቱ ደረጃ ከፍታ 45 ሴ.ሜ ቢሆን በ12 ሲባዛ 5.4 ሜትር ነው። በ2 ሜትር ከተሠራ ዊልቸሩ ወደ ኋላ ሊገለበጥ ይችላል።

ጥያቄ፦ ታፔላዬ ከሩቅ አይነበብም፣ ፊደሉ ግን ወፍራም ነው።

የጎዳው ውፍረቱ ነው። ‹ሉ›ን ከ‹ሊ› የሚለየው ቅጥያው መሐል ላይ ወይም ታች መሆኑ ብቻ ነው። ፊደሉ ሲወፍር ክፍተቱ ይደፈናል። ቀጠን ያድርጉት፣ ለ20 ሜትር ርቀት 15 ሴ.ሜ ያህል ቁመት ይስጡት። ከማሠራትዎ በፊት በወረቀት አሳትመው ግድግዳ ላይ ይለጥፉና 20 ሜትር ርቀው ያንብቡት።