ሁለት ጥማድ ተኩል ጤፍ ስንት ያስገባል?

ጥያቄ፦ በሁለት ጥማድ ተኩል መሬት ላይ ጤፍ ዘርቻለሁ፤ ለአጨዳ ትንሽ ቀርቶታል። ብድር ስላለብኝ ስንት ብር እንደማገኝ ከአሁኑ ማወቅ እፈልጋለሁ። እንዴት ላስላው? (አንባቢ፣ ከምሥራቅ ጎጃም)

መልስ፦ ጥማዱን ይተዉትና ማሳውን በሜትር ይለኩ። አራት ጥማድ አንድ ሄክታር ነው ይባላል እንጂ ጥማድ ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው ስለሆነ እንደ አፈሩና እንደ በሬው ይለያያል። የሁለቱን ረጃጅም ጎኖች አማካይ በሁለቱ አጫጭር ጎኖች አማካይ ያባዙ። 118 ሜትር በ50 ሜትር ቢሆን 5,900 ካሬ ሜትር ወይም 0.59 ሄክታር ነው፤ በጥማድ ቢገምቱት ግን 0.625 ይሉ ነበር። ማሳው ጠማማ ከሆነ ከፋፍለው ይለኩት።

ጤፉ ሲደርስ ከእንጨት 1 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ ክፈፍ ሠርተው ከጥግ እስከ ጥግ እየተሻገሩ አምስት ቦታ ያሳርፉት። ከወሰኑ ሁለት ሜትር ያህል ይግቡ። ጋሽቦ የተኛውንም፣ ውሃ ያቀጨጨውንም አይዝለሉ፤ ግምት በብዛት የሚሳሳተው ዓይን ያማረውን ስለሚመርጥ ነው። በክፈፉ ውስጥ ያለውን አጭደው፣ በፀሐይ አድርቀው፣ በሸራ ላይ ወቅተውና አበጥረው በግራም ሚዛን ይመዝኑ። ሳይደርቅ ከተመዘነ እርጥበቱም እንደ እህል ይቆጠራል።

190፣ 165፣ 210፣ 140 እና 175 ግራም ቢወጣ አማካዩ 176 ነው። ለ10 ሲካፈል በሄክታር 17.6 ኩንታል ይሆናል፤ በ0.59 ሲባዛ 10.4 ኩንታል ገደማ። በሸራ ላይ የተወቃ ናሙና ግን አይባክንም፤ የጤፍ ፍሬ ደቃቅ ስለሆነ በአጨዳ፣ በማጓጓዝና በአውድማ ብዙ ይረግፋል። 10 በመቶ ቢቀንሱ 9.4 ኩንታል ይቀራል።

ለዘርና ለቤት ፍጆታ 3 ኩንታል ቢያስቀሩ የሚሸጠው 6.4 ነው። ዋጋውን የአዲስ አበባውን አይውሰዱ፤ በአቅራቢያዎ ገበያ፣ ከአጨዳ በኋላ እህል በሚበዛበት ወቅት የሚከፈለውን ይያዙ። ኩንታሉ 10,000 ብር ቢሆን 64,000 ብር ይገኛል።

ለብድሩ ግን በዝቅተኛው ያስሉ። ከናሙናዎቹ ትንሹን 140 ግራም፣ ዋጋውንም 9,000 ብር ቢይዙ ምርቱ ከብክነት በኋላ 7.4 ኩንታል፣ የሚሸጠው 4.4፣ ገንዘቡ 39,600 ብር ነው። ከዚህ ላይ የቀን ሠራተኛ፣ የጆንያና የመጓጓዣ ወጪ፣ ያልተከፈለ የማዳበሪያ ዕዳ ካለም እሱን ይቀንሱ። ጭዱን የሚሸጡ ከሆነ ለብቻው ይያዙት፤ ከብቶችዎ የሚበሉት ከሆነ በገንዘቡ ውስጥ አይደምሩት።