ከመግደላችሁ በፊት «ጆብስ» በሉ

ልጆቼ፣ አንድ አዲስ ተቀጣሪ ፊቱ ገርጥቶ «ጋሼ፣ የጻፍኩት ሁሉ ጠፋ» ብሎኝ ነበር። ሊነክስ በሚባለው ሥርዓት በሚሠራ ሰርቨር ላይ፣ ቪም በተባለው የጽሑፍ ማረሚያ ፕሮግራም ረጅም ፋይል ሲያርም ይሳሳትና፣ ወርድ ላይ እንደለመደው ኮንትሮልን ከዜድ ጋር ይጫናል። ጽሑፉ ከዓይኑ ተሰወረ፤ የትእዛዝ መስመሩ ብቻ ብቅ አለ። ደንግጦ ፋይሉን እንደገና ከፈተ። ቪም «ይህ ፋይል ሌላ ቦታ ተከፍቷል» ብሎ ሲያስጠነቅቀው ሳያነብ አለፈው፤ ቆይቶም ያንኑ ቁልፍ ደገመው። እኔ ስደርስ ሦስት ቪም ተደርድረው ቆመዋል።

ሊነክስ ቤት ይህ ቁልፍ «ስሕተቴን መልስልኝ» ሳይሆን «ባለህበት ቁም» ማለት ነው። የቆመ ፕሮግራም አልሞተም። ያላስቀመጣችሁት ጽሑፍ ጭምር በኮምፒውተሩ ማስታወሻ (ሜሞሪ) ውስጥ አለ፤ የተነፈገው የፕሮሰሰር ተራ ብቻ ነው። ዘዴው ለሊነክስ አርአያ በሆነው ዩኒክስ፣ በበርክሌይ ዝርያው፣ የተስፋፋው በ1980 እ.ኤ.አ. አካባቢ ነው፤ ከእናንተ በዕድሜ ይበልጣል፣ አክብሩት።

መጀመሪያ የትእዛዝ መስመሩ ላይ በላቲን ፊደል «ጆብስ» (jobs) ብላችሁ ጻፉ፤ የቆሙት በየቁጥራቸው ይዘረዘራሉ። «ኤፍጂ» የመደመር ምልክት ያለበትን ወደ ፊት ያመጣዋል፤ ሌላውን ከፈለጋችሁ «ኤፍጂ %1» እያላችሁ በቁጥሩ ጥሩት። «ቢጂ» ደግሞ ከጀርባ ሥራውን እንዲቀጥል ያደርገዋል። ትልቅ ፋይል ለሚገለብጥ ወይም ለሚያጭቅ ፕሮግራም ተስማሚ ነው። ለቪም ግን አይሆንም፤ ኪቦርዱን ካላገኘ መልሶ ይቆማል።

«ጆብስ» የሚያውቀው የራሱን ተርሚናል ብቻ ነው። ከሌላ መስኮት የቆመውን «ፒኤስ» የሚባለው ትእዛዝ ያሳያችኋል፤ ሁኔታው በላቲኑ ቲ ፊደል ይጻፋል። ያንን «ኪል» በሚባለው ትእዛዝ ትቀሰቅሱታላችሁ። ስሙ «ግደል» ማለት ቢሆንም አያስደንግጣችሁ፣ እርሱ መልእክተኛ ነው፤ ጥፋቱ ያለው በሚያደርሰው መልእክት ላይ ነው። ሊነክስ ላይ 18 ቁጥር «ቀጥል» ማለት ነው፣ 9 ግን ያለ ስንብት ይገድላል። ወጣቶች ለምን ሁልጊዜ ወደ 9 እንደሚሮጡ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ቆሞ የሚጠብቅ ሁሉ ግን ዘላለም አይጠበቅም። ፕሮግራሙ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር ሲነጋገር ከነበረ ወዲያኛው ወገን ታክቶት መስመሩን ሊዘጋ ይችላል። ትእዛዛችሁን የሚቀበለው ፕሮግራም፣ ባሽም፣ ልትወጡ ስትሉ «የቆሙ ሥራዎች አሉ» ብሎ የሚያስጠነቅቃችሁ አንድ ጊዜ ነው፤ ወዲያው ደግማችሁ «ውጣ» ካላችሁት አብረዋችሁ ይጠፋሉ።

ያን ቀን ከልጁ ጋር ሦስተኛውንና ሁለተኛውን ሳናስቀምጥ ዘጋናቸው። ከዚያ «ኤፍጂ» አለ። የመጀመሪያው ቪም ተመለሰ፤ የጻፈው ሁሉ ነበረ፤ ጠቋሚውም እዚያው የተሳሳተበት መስመር ላይ ብልጭ ድርግም ይላል። «አሁን ትንሿን ዩ ተጫን፤ ቪም ውስጥ ስሕተትህን የምትመልስልህ እርሷ ናት» አልኩት።