ሰዓቱ ለምን ወደ ኋላ ይቀራል? እና ሌሎች የአንባቢ ጥያቄዎች

በዚህ ወር የደረሱኝ ጥያቄዎች ደስ ይላሉ። «ምን ልግዛ?» የሚሉት ጥቂት ናቸው። ብዙዎቹ «ይሄ ነገር ለምን እንዲህ ይሆናል?» ነው የሚሉት። የመጀመሪያው ላይ ረዘም አድርጌ ቆይቻለሁ፣ ምክንያቱም ከአንድ የራስጌ ሬዲዮ ተነስቶ ጃፓን ድረስ የሚወስድ ጥያቄ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ ከሜሪላንድ ስትመጣ ሰዓት ያለው የራስጌ ሬዲዮ አመጣችልኝ። 110 ስለሆነ በትራንስፎርመር ነው የምጠቀምበት። ሬዲዮው ጥርት ብሎ ይሠራል፣ ሰዓቱ ግን ይቀራል። ማታ አስተካክዬው ብተኛ ጠዋት ከአንድ ሰዓት በላይ ወደ ኋላ ቀርቶ አገኘዋለሁ። ባትሪውን ብቀይርም ያው ነው። ተበላሽቶ ይሆን?
— ወ/ሮ አ.፣ አዲስ አበባ

መልስ፦ እናቴ፣ አልተበላሸም። እንዲያውም የተሠራበትን ሥራ በትክክል እየሠራ ነው።

እስቲ ሬዲዮውን ገልብጠው ከታች የተለጠፈውን ጽሑፍ ይዩልኝ። 120 ቮልት፣ ከጎኑ ደግሞ 60 ኸርዝ የሚል ያገኛሉ። ቮልቱን ሁላችንም እናየዋለን፣ ካላየነው ዕቃው ይቃጠላላ። 60 ኸርዙን ግን ማንም ልብ አይለውም። የእርስዎ ጥያቄ መልስ ያለው እዚያች ቁጥር ላይ ነው።

የአሜሪካ መብራት በሰከንድ 60 ጊዜ ይመላለሳል፣ የእኛ 50 ጊዜ። ትራንስፎርመሩ 220ውን ወደ 110 ያወርድልዎታል፣ ምልልሱን ግን አይነካውም፤ 50 ገብቶ 50 ሆኖ ይወጣል። እንደዚህ ዓይነት ሬዲዮዎች ውስጥ ያለው ሰዓት ደግሞ ብዙ ጊዜ ሰከንድን የሚለካው ከግድግዳው የሚመጣውን ምልልስ እየቆጠረ ነው። 60 ሲሞላለት አንድ ሰከንድ አለፈ ይላል። አዲስ አበባ ላይ 60 እስኪሞላ ግን 1.2 ሰከንድ ይፈጃል። ስለዚህ የእጅዎ ሰዓት 60 ደቂቃ ሲቆጥር የራስጌው ገና 50 ላይ ነው። በየሰዓቱ 10 ደቂቃ ይቀራል ማለት ነው። 8 ሰዓት ቢተኙ 80 ደቂቃ። «ከአንድ ሰዓት በላይ» ያሉኝ ልክ ይመጣል!

ባትሪው የተቀመጠው መብራት ሲጠፋ ሰዓቱን እንዲይዝ ብቻ ስለሆነ መቀየሩ ለውጥ አያመጣም። የእጅ ሰዓትዎ የማይዛባው ደግሞ ውስጡ በሰከንድ 32,768 ጊዜ የሚርገበገብ የራሱ ክሪስታል ስላለው ነው፣ ከግድግዳው ምንም አይጠብቅም።

መፍትሔው፦ አንዳንዶቹ ሬዲዮዎች ከጀርባቸው ወይም ባትሪው የሚገባበት ቦታ ውስጥ 50/60 የሚል ትንሽ ማብሪያ አላቸው። ካለ ወደ 50 ያድርጉት፣ አለቀ። ከሌለ ለኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ይስጡትና ውስጥ ያለውን የሰዓት ቺፕ ቁጥር አንብቦ ዳታሺቱን እንዲያወርድ ይንገሩት። ዳታሺት ማለት ፋብሪካው ስለ ቺፑ የሚያወጣው ወረቀት ነው፣ የትኛው እግር ምን እንደሚሠራ አንድ በአንድ ይዘረዝራል። ብዙ የራስጌ ሬዲዮዎች ላይ የሚገኘው የሳንዮ ኤልኤም8560 ለምሳሌ 50 ወይም 60 የሚመረጥበት እግር አለው፣ እሱን ማስተካከል ለባለሙያ ቀላል ሥራ ነው። እርስዎ ግን እባክዎ አይክፈቱት፣ ውስጡ የግድግዳ መብራት አለ።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልሂድ። «50 ኸርዝ 60 ኸርዝ ሰዓት» ብሎ የሚፈልግ ሰው ትንሽ ቆይቶ አውሮፓ ላይ የደረሰ አንድ ጉዳይ ያገኛል። እ.ኤ.አ. በ2018 ከጃንዋሪ አጋማሽ እስከ ማርች መጀመሪያ ድረስ በ25 አገሮች ያሉ የምድጃና የራስጌ ሰዓቶች ቀስ በቀስ ወደ 6 ደቂቃ ገደማ ወደ ኋላ ቀሩ። ሁሉም በአንድነት! ሰርቢያና ኮሶቮ በኃይል አቅርቦት ተወዛግበው የጎደለውን የሚሞላ ጠፋ፣ እና እነዚያ አገሮች በአንድ መረብ የተያያዙ ስለሆኑ የመላው መረብ ምልልስ በአማካይ ከ50 ወደ 49.996 ወረደ። ልዩነቱ ኢምንት ይመስላል። ግን ሰዓት ቆጣሪ ነው፣ የጎደለውን ሁሉ ያጠራቅማል። ካልኩሌተር ይዛችሁ 0.004ን ለ50 አካፍሉት፣ ውጤቱን በ50 ቀን ሰከንዶች አባዙት። 6 ደቂቃ ገደማ ይወጣላችኋል። ዜና ላይ ያነበባችሁትን ቁጥር ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ ማረጋገጥ ትችላላችሁ፣ ይሄ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ጃፓን ደግሞ አለች። እ.ኤ.አ. በ1895 ቶኪዮ ጄኔሬተር ከጀርመኑ ኤኢጂ ገዛች፣ 50 ኸርዝ የሚሠራ። በዓመቱ ኦሳካ ከአሜሪካው ጄኔራል ኤሌክትሪክ ገዛች፣ 60 የሚሠራ። ከዚያ ሁለቱም እየሰፉ ሄዱ፣ ዛሬም ድረስ የአገሪቱ ምሥራቅ 50 ምዕራቡ 60 ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ሱናሚው መትቶ ምሥራቁ መብራት ሲያጥረው ምዕራቡ ሊሰጠው የቻለው ጥቂት ነው፣ ምክንያቱም ምልልሱን ቀይረው የሚያሻግሩት ጣቢያዎች አቅም ከአንድ ጊጋ ዋት (1,000 ሜጋ ዋት) ብዙም የማይርቅ ነበር። የሕዳሴ ግድባችን ሙሉ አቅም 5,150 ሜጋ ዋት ነው። የዚያን አንድ አምስተኛ ገደማ ማለት ነው፣ ለዚያ ሁሉ ሕዝብ። ከመቶ ዓመት በፊት ሁለት ከተሞች በየፊናቸው ያደረጉት ግዢ ነው እዚህ ያደረሳቸው።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነው የምሠራው። ማታ ሥራ ስጨርስ «የስልኬ ቻርጀር ለምን ይሞቃል?» ብዬ ስልኬን እከፍታለሁ፣ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ስለ ጠፈር መንኮራኩር ቪዲዮ ሳይ ራሴን አገኘዋለሁ። እንግሊዝኛዬም ብዙ አይደለም። ሰው እንዴት ነው ፈልጎ አንድ ነገር ይዞ የሚወጣው?
— ሰ.፣ ዱባይ

መልስ፦ እህቴ፣ መጠየቅሽን እንዳትተዪ። ጥያቄሽን ግን ስልክ ከመክፈትሽ በፊት ወረቀት ላይ ጻፊው፣ በአንድ መስመር። ከዚያ መጀመሪያ ጉግል ውስጥ አትግቢ፣ መጀመሪያ ዕቃውን አገላብጠሽ እዪ። ሞዴል ቁጥሩን፣ ቮልቱን፣ አምፒሩን ገልብጪ። ለእንግሊዝኛው አትጨነቂ፣ የምትጽፊው ቁጥር ከሆነ የትም አገር ያው ቁጥር ነው፣ የሞዴል ቁጥር በትክክል የጻፈ ሰው ረጅም ጥያቄ ካቀናበረ ሰው ቀድሞ ይደርሳል።

ቻርጀርሽን እንየው። ጎኑ ላይ የሚወጣው 9 ቮልት፣ 2.22 አምፒር የሚል ከሆነ ሁለቱን አባዢያቸው፤ 20 ዋት ነው። ከመቶ አሥር እጅ ያህሉ መንገድ ላይ ወደ ሙቀት ተቀየረ እንበል፣ 2 ዋት ሙቀት በዚያች ትንሽ ፕላስቲክ ውስጥ ታፍኖ ይቀመጣል። ስለዚህ ሞቅ ማለቱ ያለ ነው። በእጅ መያዝ እስኪያቅት ከጋለ ወይም ከሸተተ ግን ንቀዪው፣ መልሰሽም አትሰኪው። ይኸው ጥያቄሽ ተመለሰ፣ ያለ ቪዲዮ።

ሌላው፦ አሥር ገጽ አንድ ዓይነት ነገር ከነቃላቱ ከጻፈ አሥር ምስክር አይደለም፣ አንዱ ከአንዱ ቀድቶ ነው። ፋብሪካው ራሱ ያወጣውን ወረቀት ፈልጊ። ስለ ጠፈር መንኮራኩሩ ደግሞ ሌላ ወረቀት ላይ ጻፊና ለእረፍት ቀንሽ አቆዪው። እሱም ጥሩ ጥያቄ ነው።

ጥያቄ፦ 50,000 የሚል ፓወር ባንክ ገዛሁ። ስልኬ 5,000 ነው፣ ስለዚህ አሥር ጊዜ መሙላት ነበረበት። አንዴ ከግማሽ ሞልቶ ያልቃል። ተሸወድኩ?
— ተማሪ ነኝ፣ ሐዋሳ

መልስ፦ አዎ፣ ተሸውደሃል። ግን ጥያቄህ ሁለት ነገር አለው፣ አንዱ ማታለል ነው፣ ሌላኛው የፊዚክስ ጉዳይ ነው።

ከፊዚክሱ እንጀምር። ፓወር ባንክ ላይ የሚጻፈው ሚሊ አምፒር ሰዓት ውስጥ ያለው ባትሪ በ3.7 ቮልት ያለው ነው። በዩኤስቢ የሚወጣው ግን 5 ቮልት ነው። 20,000 የሚል ሐቀኛ ፓወር ባንክ በ3.7 ስታባዛው 74 ዋት ሰዓት ነው፣ ያንን ለ5 ስታካፍለው 14,800 ይሆናል፣ መንገድ ላይ በሙቀት የሚጠፋው ደግሞ ገና አልተቀነሰም። ስለዚህ ደህናው ፓወር ባንክ እንኳ የተጻፈበትን ያህል ወደ ስልክህ አያስገባም። ዕቃው ላይ በደቃቅ ጽሑፍ «ሬትድ ካፓሲቲ» የሚል ሁለተኛ ቁጥር ካለ ማመን ያለብህ እሱን ነው።

ማታለሉን ለማወቅ ደግሞ ሚዛን ይበቃሃል። የሱቅ ሚዛን ላይ አስቀምጠው። ፓወር ባንኮች ውስጥ በብዛት የሚገባው ክብ ባትሪ 18650 ይባላል፣ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊ ሜትር ርዝመት። ከዚህ ዓይነቱ ጥሩ የሚባለው 3,500 ገደማ ይይዛል፣ ክብደቱም ወደ 48 ግራም ነው። 50,000 ለመሙላት 15 ያስፈልጋል፣ ባትሪው ብቻ ከ700 ግራም በላይ ማለት ነው። ያንተ 200 ግራም አካባቢ ከመዘነ ውስጡ ቢበዛ አራት ፍሬ ነው፣ እነሱም ምርጥ ከሆኑ። ጠፍጣፋ ባትሪ ቢሆንም ክብደቱ ብዙ አይለይም። ሻጩ ምንም ቢልህ ሚዛኑን አይከራከረውም። (9,900 የሚል 18650 ባትሪ ካየህም እንዲሁ ውሸት ነው፣ እንዲህ የሚባል የለም።)

ሌላም አለ። እውነት 50,000 ቢሆን ኖሮ 185 ዋት ሰዓት ነበር፣ መንገደኛ ይዞት አውሮፕላን ላይ አይወጣም። ያለ ልዩ ፈቃድ የሚፈቀደው እስከ 100 ነው። ስለዚህ በዚያ የውሸት ቁጥር የተነሳ ኤርፖርት ላይ ሊነጠቅብህ ይችላል።

ደረሰኝ ካለህ ሚዛኑ ላይ እንዳለ ፎቶ አንስተህ መልስላቸው። ሲሞላና ሲያልቅ የሚቆጥር ትንሽ የዩኤስቢ መለኪያም አለ፣ ጓደኞችህ ጋር አዋጥታችሁ ብትገዙት ለሁላችሁም ይሆናል።

ጥያቄ፦ 64 ጊጋ ፍላሽ ኮምፒውተሬ 59.6 ይለዋል። 2 ቴራ የሚል ርካሽ ፍላሽም አይቻለሁ። የቱን ልመን?
— ከጎንደር

መልስ፦ 64ቱ ጤነኛ ነው። ፋብሪካው ጊጋውን በሺህ በሺህ ይቆጥራል፣ ዊንዶውስ በ1,024። 64 ቢሊዮንን ሦስት ጊዜ ለ1,024 አካፍሉት፣ 59.6 ይመጣል።

ርካሹን 2 ቴራ ግን አትንኩት። ብዙ ጊዜ ውስጡ ትንሽ ሚሞሪ ነው፣ መቆጣጠሪያው «ትልቅ ነኝ» እንዲል ተደርጎ ተቀይሯል። ኮምፒውተሩም ያምነዋል። እውነተኛው ቦታ ሲሞላ የሠርግ ቪዲዮው አዲስ በገባው እየተደመሰሰ ይሄዳል፣ የፋይሉ ስም ግን እንዳለ ይታያል፣ ለዚያ ነው ሰው የሚያውቀው ከወራት በኋላ። አዲስ ፍላሽ ስትገዙ ምንም ሳትጭኑበት ዊንዶውስ ላይ ኤች2ቴስትደብሊው፣ ሊኑክስ ወይም ማክ ላይ ኤፍ3 በሚባሉት ነፃ ፕሮግራሞች ፈትሹት። ፍላሹን ጥግ ድረስ ሞልተው መልሰው ያነቡታል። ሰዓታት ይወስዳል፣ ማታ ለቃችሁት ተኙ።

ጥያቄ፦ የዋይፋይ ራውተሬ ውስጥ ምን ቺፕ እንዳለ ማወቅ እፈልጋለሁ፣ ግን ዋስትናው እንዳይበላሽ መክፈት አልፈለግኩም።
— ዳ.፣ አዳማ

መልስ፦ ሌላ ሰው ከፍቶልሃል። አሜሪካ ውስጥ የሚሸጥ ሽቦ አልባ ዕቃ በኤፍሲሲ፣ ማለትም በአገሪቱ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በኩል ያልፋል፣ ሲያልፍም የተከፈተ ፎቶው፣ መመሪያውና የሙከራ ውጤቱ ለሕዝብ ክፍት ይሆናል። ራውተርህን ገልብጠው «ኤፍሲሲ አይዲ» የሚለውን ፈልግ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወይም አምስት ፊደላትና ቁጥሮች አምራቹን ያመለክታሉ፣ የቀረው ዕቃውን። ሙሉውን ኮሚሽኑ ገጽ ላይ ስታስገባው «ኢንተርናል ፎቶስ» የሚል ፋይል ታገኛለህ።

ዕቃው ገና አዲስ ከሆነ ፎቶው ላይከፈት ይችላል፣ አምራቾች እስከ 180 ቀን እንዲሸሸግላቸው መጠየቅ ይፈቀድላቸዋል። አሜሪካ ገበያ ያልገባ ሞዴል ደግሞ ቁጥሩ ላይኖረው ይችላል። ካገኘኸው ግን ትልቁን ቺፕ አጉላና ላዩ ላይ የተጻፈውን አንብብ። ቺፑ በብረት ክዳን ተሸፍኖ ከታየህ ወደ ታች ውረድ፣ አብዛኛውን ጊዜ ክዳኑ ተነስቶ የተነሳ ሌላ ፎቶ ይከተላል።